ሐረናን በመስኮት አይተው ለሚመለሱ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ የተመለሰ ወዳጅ ሁሉ የቀይ ቀበሮ ፎቶ ያሳየኛል። ሳነቲ በሚባለው አምባ ላይ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የተነሣ፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ። "ሐረናስ?" ስለው ግን መልሱ አንድ ነው፦ "ጫካው? አልፈነዋል።"

ጠቤ ከዚህ "አልፈነዋል" ጋር ነው።

በቀይ ቀበሮ አልቀልድም። በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። ሳነቲ ግን ገላጣ ስለሆነ ያለውን አይደብቅም፤ ፍልፈሉም ቀበሮውም ሜዳ ላይ ናቸው። ሐረና ለቸኮለ ሰው ምንም አያሳይም።

መንገዱ ከ4000 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ ጅብራው ያልቅና የአስታው ዛፍ ይጀምራል። ጉም ይውጣችኋል፤ ከየቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። ሪራ መንደር አካባቢ ቀርከሃው ይመጣል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ ከሚበላውም አብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ቀርከሃው ከተመነጠረ ቀለቡ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በታች፣ በረጃጅሞቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ከዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። አንበሳም አለ ይባላል፣ እኔ አላየሁም።

ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ነድቶ ማለፍ ይቻላል። እንግዳው ጎባ ወይም ሮቤ ያድራል፣ ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ይከፍላል፣ ሐረናን አቋርጦ ይሄዳል። ለሪራ ባለ ቀፎ የሚተርፈው አቧራ ነው። ከዚያ ተመልሰን "ደን አትመንጥር" እንለዋለን! ዩኔስኮ ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ደኑን ቆሞ የሚያቆየው ግን ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ከቆመ ደን የሚያገኘው ገቢ ያለው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ሪራ እደሩ። የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርጋችሁ በእግር ግቡ፤ ማሩን ከቆረጠው ሰው ግዙ። ሳነቲ ላይም ሾፌራችሁን "ቀስ በል" በሉት፤ መኪና የገጨው ቀይ ቀበሮ አለ።

ጦጣውን ላታዩት ትችላላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የሰማሁት ቀርከሃው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተመልሼ ገባሁ።