ቅጂው ምን አጠፋ?

በአገራችን ጉዳይ ለማስፈጸም መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ «ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ይቅረቡ» የምትለውን ትእዛዝ ያውቃታል። በመስኮቱ ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሠራተኛ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ሲያገላብጥ፣ ኮፒው ጥቂት የደበዘዘ እንደሆነ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ያደበዘዘው ማሽኑ ሆኖ ሳለ ተመላሽ የሚደረገው ወረቀቱ ነው። እኔ ይህን ፍርደ ገምድልነት በቅጡ የተረዳሁት ግን ከመሥሪያ ቤት ደጅ ሳይሆን፣ ሱፐርማን ከተባለው ባለካባ ጀግና የድሮ የሥዕል መጽሔቶች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው የ«ሱፐርቦይ» መጽሔት 68ኛ ቁጥር ላይ፣ አንድ ፕሮፌሰር ያየውን ሁሉ የሚያባዛ የጨረር መሣሪያ ሠርቶ ሲያሳይ፣ ጨረሩ ሳይታሰብ ገና ጎረምሳ የነበረውን ጀግና ያገኘውና ሁለት ያደርገዋል። የወጣው ቅጂ ፊቱ እንደ ጠመኔ የነጣ፣ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስል ማዕዘን ማዕዘን የሆነ፣ ሰዋስውም የጠፋበት ፍጡር ነበር፤ ቢዛሮ ተባለ። የከተማው ሰው ገና ሲያየው እግሬ አውጪኝ ይላል። የምትቀርበው አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ብቻ ናት፣ ምክንያቱም እርሷ የደረሳት መልኩ ሳይሆን ደግነቱ ነበር። ቢዛሮ በመጨረሻ ሲጠፋ የልጅቱ ዓይን ይበራል። ፕሮፌሰሩን «ምን ሠራህብን?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ የተማረ ሰው ነዋ።

በ1959 ሌክስ ሉተር የተባለው ዋነኛው ጠላት ያንኑ ጨረር መልሶ ሠርቶ አዋቂው ሱፐርማን ላይ ያበራዋል፤ ሐሳቡ ቅጂውን አሽከር ማድረግ ነበር። (በዚያ ዘመን መጽሔቶች ውስጥ እብድ ሳይንቲስት የበጀት ችግር የለበትም፤ ከእስር ባመለጠ ማግስት ቤተ ሙከራ ይኖረዋል፣ የመብራት ሒሳብም አይመጣበትም።) የሉተር ቂም መነሻም በማግስቱ ዓመት ታትሟል፤ ሱፐርቦይ የቤተ ሙከራውን እሳት በትንፋሹ ሲያጠፋለት የተበተነው ኬሚካል ጸጉሩን አራገፈው። ሕይወቱን ያተረፈለትን ሰው ስለ ጸጉሩ ሲል ዕድሜ ልኩን አሳደደው። በእድርም ሆነ በሠርግ ቤት ውለታ እንዲህ ሲመለስ ያየ ሰው፣ ደራሲዎቹ ከሰማይ ያወረዱት ነገር አለመሆኑ ይገባዋል።

ዳሩ ግን ቅጂው የዋናውን አእምሮ ጭምር ወርሶ ኖሮ፣ የፈጠረውን ሉተርን ይዞ ለሕግ አስረከበው። ክፉ ተብሎ የተሠራው ቅጂ የመጀመሪያ ሥራው ወንጀለኛ መያዝ ሆነ! ምስጋናው ግን እንደ ፊተኛው መባረር ነበር። የኋላ ኋላ ሎይስ ሌን የተባለችው ጋዜጠኛ ጨረሩን በራሷ ላይ አብርታ የእርሱን ቢጤ ሎይስ አወጣችለትና፣ ጥንዶቹ ምድርን ለቀው ሄዱ።

በ1960 የመሠረቱት ዓለም ደግሞ ስሟ የእንግሊዝኛው «ምድር» ወደ ኋላ ተጽፎ የተገኘ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ርድም» ትባል ነበር። ቅርጿ እንደ ሳጥን ነው። ሕጓ ውበትን መጥላትን፣ ምንም ነገር አሳምሮ አለመሥራትን ያዛል። ባንኩ የሚሸጠው ቦንድ እንደሚያከስር ዋስትና የተሰጠበት ነው። ከንቲባውም አንዱን ነዋሪ ለወንጀል ምርመራ ሲሾመው፣ ከመላው የፖሊስ ኃይል ይልቅ ደደብ በመሆኑ እንደተመረጠ ያበሥረዋል፤ ተሿሚውም ይህን እንደ ሙገሳ ይቀበለዋል። ይህችን ገጽ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ከሆነ ወዳጄ ጋር ስናነብ እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ እርሱ ፈገግ እንኳ አላለም። «የሚጎድለው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ብቻ ነው» አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከሥዕሉ ውጭ ያለው ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ፈጥረው፣ በ1938 ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡት። በኋላም ለመብታቸው ተሟግተው ስማቸው ከመጽሔቱ ላይ ተፋቀ። በ1961 እና በ1962 የቢዛሮን ዓለም ታሪኮች የጻፈው ያው ሲግል ነው፤ ዋናውን የፈጠረው ሰው ለቅጂው ታሪክ የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ ያለ ስም በገጽ እየተከፈለው ጻፈ። በእነዚያ ገጾች ላይ የደራሲው ስም በየትም አይገኝም። ቢዛሮ ግን እርሱን የሚመስሉ ቅጂዎች በሞሉበት ዓለም ማንም እንዳይሳሳት፣ «ቢዛሮ ቁጥር 1» የሚል ሰሌዳ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል።