ሜቶትሬክሴት ጊዜው አልፏል ያለው ማነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ሐኪም ስለ ከባድ ችፌ ተጠየቁ። ዱፒሉማብ የሚባለው አዲሱ መርፌ ከሁሉም ይበልጣል አሉ። እሱ እስኪገኝ ድረስ ችፌው በተነሳ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን እየወሰዱ ማብረድ ይቻላል አሉ። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የቆየ ኪኒን ግን የካንሰር መድኃኒት ስለሆነ፣ ጊዜውም ስላለፈበት፣ ለቆዳ ባንነካው ይሻላል ብለው ዘጉት። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። በንዴት መውረጃዬን አለፍኩ።

ይህን ምክር እህቴ ለዓመታት ኖራበታለች። ፕሬድኒሶሎኑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል። ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። ኪኒኑ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ግን ክንዷ መታጠፊያ ላይና ከጉልበቷ ኋላ እንደገና ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል። እማዬ ማታ ማታ ጥፍሯን ቆርጣ እጇ ላይ ካልሲ ታጠልቅላት ነበር። ጠዋት አንሶላው ላይ ያው የደም ነጠብጣብ አለ። ከዚያ ሌላ ዙር ኪኒን። ፊቷ እንደ ሙልሙል አበጠ። የሰፈር ሰው ደግሞ "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ይላታል። የኪኒኑ ጣጣ እንደሆነ ማን ይንገረው?

ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን "ያበርዳል" ሲባል አልሰማም። ያበርድና መልሶ ያነደዋል። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ፕሬድኒሶሎንን ሳይክሎስፖሪን ከሚባል ሌላ የችፌ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር። የተሳተፉት 38 አዋቂዎች ብቻ ናቸው። ከመካከላቸው ችፌያቸው እየባሰ ያቋረጡት ስለበዙ ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ። ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 21 ሰዎች በሽታው ተረጋግቶ የቆየላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሳይክሎስፖሪኖቹ 17ቱ ግን ስድስቱ። ትንሽ ጥናት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ያንን ጥናት በአንድ አልጋ ላይ ለዓመታት አይቼዋለሁ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም በቅርቡ ባወጣው መመሪያ የሚዋጥ ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ አይመከርም ብሏል። ሜቶትሬክሴትን ደግሞ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ውስጥ አስገብቶታል። ሬዲዮው ላይ የሰማነው የዚህን ተቃራኒ ነው።

"የካንሰር መድኃኒት" የሚለው ከሁሉም ያናድዳል። ለካንሰር በጣም ከፍ ባለ መጠን ሊሰጥ ይችላል። ለቆዳ የሚሰጠው በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም። የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ይህንኑ መጠን ስንት ዓመት ሲወስዱት ኖረዋል! በስሙ ብቻ ሰው ማስፈራራት ሕክምና አይደለም። መፈራት ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ በስህተት በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም፣ ለማርገዝ ያሰበችም እንዲሁ። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። ሐኪሙ በሬዲዮ መናገር የነበረባቸው ይህንን ነበር።

"ጊዜው አልፎበታል" ለሚለው ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ሁልጊዜ ተቆርጦ ነው የሚነገረው። ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ ከባድ ችፌ ያለባቸው 103 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሳይክሎስፖሪን፣ ግማሾቹ ሜቶትሬክሴት ለ36 ሳምንት ወሰዱ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በ12ኛው ሳምንት ሳይክሎስፖሪን በግልጽ ቀደመ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ሜቶትሬክሴት ተሸነፈ ብሎ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ግን እዚህ አላቆሙም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ልጆቹን እስከ 60ኛው ሳምንት ተከታተሏቸው። ያኔ የተሻለ ቆዳ የነበራቸው የሜቶትሬክሴቶቹ ልጆች ናቸው። ዋጋውም የረከሰ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አዋቂዎች ላይ በተሠራውም በስምንተኛው ሳምንት ሜቶትሬክሴት ከሳይክሎስፖሪን ወደ ኋላ ቀረ፤ መጠኑ ከፍ ሲል በ20ኛው ሳምንት ደረሰበት። ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው እንጂ የማይሠራ አይደለም። ችፌ የዓመታት በሽታ ነው። ታዲያ በሁለት ወር ውጤት ለምን ይፈረድበታል? ስድስት ሳምንት ሰጥቶ "አልሠራም" ብሎ የሚያቆም ሐኪም መድኃኒቱን አልሞከረውም።

ዱፒሉማብ ጥሩ መድኃኒት ነው። በዚህ አልከራከርም። ጥናቶቹን አንድ ላይ ያነጻጸሩትም ከሜቶትሬክሴት የተሻለ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲፈቀድ የወጣለት ዋጋ በዓመት 37 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ለአንድ ሰው። ኡፓዳሲቲኒብ የሚባለው ኪኒን ደግሞ በ16ኛው ሳምንት ችፌያቸው ቢያንስ ሦስት አራተኛው የቀለለላቸው ሰዎች ሲቆጠሩ ዱፒሉማብን 71 ለ61 በመቶ በልጧል ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። ጥናቱን ያሠራው የኪኒኑ አምራች ራሱ ነው። ባለጸጋ ኩባንያ ለአዲሱ መድኃኒቱ ሺህ ሰው ሰብስቦ ያስጠናል። የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ለቆየ ርካሽ ኪኒን ግን ማን ገንዘብ ያወጣል? ስለዚህ የሜቶትሬክሴት ማስረጃ የቀጠነው ያጠናው ሰው ስለጠፋ ነው። "በደንብ አልተጠናም" እና "አይሠራም" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም ይህን ማደባለቅ የለበትም።

እህቴ አሁን ሜቶትሬክሴት ላይ ናት። ያዘዘላት ሌላ የቆዳ ሐኪም ነው፣ መጀመሪያ የጉበት፣ የደምና የሳንባ ምርመራ አሠርቶ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ምንም ለውጥ አልነበረም፣ አልቅሳለች። በአራተኛው ወር እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። ጠባሳ አለ፣ ቁስል የለም። ማክሰኞ ማታ ኪኒኑን ትውጣለች፣ በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚኗን። እማዬ በቀን መቁጠሪያው ላይ ማክሰኞን በቀይ እስክሪብቶ ታከብባለች።

ያን ፕሮግራም የሰማ ሌላ ሰው ግን ይህን ጊዜ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ ፕሬድኒሶሎን ስጡኝ እያለ ይሆናል። አዘጋጆቹ ያንኑ ሐኪም መልሰው ይጋብዟቸው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣቢያ፣ ያሉትንም ያርሙ።