«አልጋ የለም» ከመባላችን በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስቆጣ ግን ራሴን ከመካከላችሁ አውጥቼ አይደለም። የምናገረው አብረን ስላጠፋነውና አብረን ስለረሳነው ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ያለው ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በሜይ 2023 ደግሞ ያው ድርጅት የአደጋ ጊዜው አብቅቷል አለ። እኛም ማስኩን ጣልነው። እሱስ ይሁን፣ ጊዜው አልፏል። የሚያሳዝነኝ ትምህርቱንም አብረን መጣላችን ነው። ይኸው ዛሬ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ቢሮ የሚገባ ሰው «ጠንካራ ሠራተኛ» ይባላል። እየሳለ በሽተኛ ሊጠይቅ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይመሰገናል። ልጁን ግንባሩ እንደጋለ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ «ምን ያድርግ፣ ሥራ አለበት» ይባልለታል።

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው ይባላል፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። ያኔ ሳናይ ተነከስን እንበል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ ግን «አላየንም» የምንልበት አፍ የለንም።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው። ኮሮና አልያዘውም ነበር። ደረቱን ይዞ ላብ ሲያጠምቀው አፋፍሰን ድንገተኛ ክፍል አደረስነው። ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሰው ነው። ሐኪሟ አየችው፣ የልብ ምርመራ አደረገችለት፣ መርፌ አዘዘችለት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መደወል ጀመረች። አንድ ሆስፒታል ደወለች። ሌላም ደወለች። ሦስተኛው ጋ ደውላ ስትዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ «አልጋ የለም» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ድካም ብቻ። ማስኩ አፍንጫዋ ላይ ያረፈበት ቦታ ተልጦ ቀልቷል።

አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ። እንዳይወድቅ ጀርባውን በጉልበቴ ደግፌ ቆምኩ። ሊነጋጋ ሲል አልጋ ተገኘ። እንዴት እንደተገኘ የገባኝ አንሶላው ሲቀየር ሳይ ነው።

አባቴ ተረፈ፣ ተመስገን። ያን ሌሊት ግን ከራሴ ላይ ማውጣት አልቻልኩም። አልጋዎቹ ላይ የተኙት ሰዎች ማንንም አልበደሉም። እያንዳንዳቸው በሽታውን «ቀላል ጉንፋን ነው» ካለ ሰው ነው የተቀበሉት። እኔም በዚያው ሰሞን ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ልደት ተጠርቼ ሄጃለሁ። አቅፌ ስሜያለሁ። ሰው አስይዤ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«መቼም ሁላችንም መያዛችን አይቀርም፤ ዛሬ ሆነ ነገ ምን ለውጥ አለው?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ለውጡ አልጋው ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። አንድ ሆስፒታል ለጽኑ ሕሙማን 10 አልጋ አለው እንበል። ኮሮና በጠና ያመመው ሰው አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይም አለ። እንግዲህ እነዚህ 10 አልጋዎች በሁለት ወር 40 ሰው ያህል ያክማሉ። 40 ሰው በሁለት ወር ውስጥ ተራ በተራ ቢመጣ ሁሉም አልጋ ያገኛል። ያው 40 ሰው በአንድ ሳምንት ተግተልትሎ ቢመጣ 30ው በር ላይ ይቀራል። በሽታው ያው ነው። ሐኪሙም፣ የሰዉም ቁጥር ያው ነው። ልዩነቱ ሁሉም አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ከበር የሚመለሰው ደግሞ በወረርሽኙ የታመመው ብቻ አይደለም። መኪና የገጨው ልጅ፣ ደም የሚፈሳት ወላድ፣ እንደ አባቴ ልቡ የከዳው ሰው ሁሉ የሚመጡት እዚያው በር ላይ ነው። ከ2014 ጀምሮ ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲመታ በወባና በወሊድ የሞቱትም ብዙ ናቸው። ሕክምናው ተሽመድምዶ ነበር፤ ሰዉም ጤና ጣቢያ መሄድ ፈርቶ ነበር።

ዘግይቶ መታመም ሌላም ጥቅም አለው። በማርች 2020 የታመመ ሰው ሐኪሙ ምን እንደሚሰጠው እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። ዲሴምበር ላይ ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ስለዚህ ያኔ ቤቱ የተቀመጠ፣ ማስክ ያደረገ፣ ድግሱን ያስተላለፈ ሰው ለማያውቀው ሰው መድኃኒቱ እስኪደርስ ዕድሜ ቀጥሎለታል።

ሌላው የምታነሱት ነገር «ገና ጥቂት ሰው ነው የታመመው» ነው። ይህን አባባል አጥብቄ እፈራዋለሁ። የታመመው ሰው ቁጥር በየሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል እንበል። ዛሬ 100 ሰው ካለ በሦስተኛው ቀን 200 ነው። በስድስተኛው 400። እስካሁን ማንም አይደነግጥም። በወሩ ግን 102,400 ይደርሳል። ደግሞ የምናየው ቁጥር ያረጀ ነው። በኮሮና የተያዘ ሰው ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከ 14 ቀን የሚቆይም አለ። ሕመሙ ጠንቶ ሆስፒታል እስኪገባ ሌላ ሳምንት ያልፋል። ዛሬ አልጋ ላይ ያለው ሰው የተያዘው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ማለት ነው። አልጋው ሲሞላ አይተን እንጠንቀቅ ካልን፣ በመንገድ ላይ ያሉትን የሁለት ሳምንት በሽተኞች መመለስ አንችልም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነበር።

የ1918ቱን የኅዳር በሽታ ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ገንዘብ ለማሰባሰብ የቦንድ ሽያጭ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። በሽታው ከተማዋ ገብቷል። ሐኪሞች ሰልፉ ይቅር ብለው ነበር። አልቀረም። 200,000 ያህል ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ወጣ። በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። ብዙዎቹ ሐኪሞችና ነርሶች ለጦርነቱ ሄደው ስለነበር የቀሩት አልበቁም። ከተማዋ ትምህርት ቤቱንና ቲያትር ቤቱን የዘጋችው ኦክቶበር 3 ላይ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። በስድስት ሳምንት ገደማ ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ።

ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሴንት ሉዊስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በታዩ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ኦክቶበር 7 ላይ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቲያትሩን፣ ጉባኤውን ሁሉ ዘጋች። የጤና ኃላፊው ማክስ ስታርክሎፍ ነጋዴው ቢጮህበትም አልተበገረም። የሁለቱን ከተሞች ክፉ ሳምንት ስናነጻጽር፣ በፊላደልፊያ ከ100,000 ሰው 257 ሲሞት በሴንት ሉዊስ 31 ነበር። መጨረሻው ሁሉ ያማረ ነበር አልልም። ሴንት ሉዊስም ኖቬምበር ላይ ስታላላ በሽታው አገረሸባትና እንደገና ዘጋች። በሽታው እስኪሄድ እጅ አይላላም። እኛ ደግሞ መሰላቸት ይቀናናል።

«ታዲያ ለምን ሆስፒታል አይጨመርም?» ትላላችሁ። ይጨመር፤ እኔም እላለሁ። መንግሥት ኃላፊነቱን ይወጣ። ቻይና ዉሃን ላይ በ2020 መጀመሪያ 1,000 አልጋ ያለው ሆስፒታል በ10 ቀን ገደማ አቁማለች። ግን አልጋ እንጨትና ፍራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበር? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ በደህናው ጊዜ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለን ሰው በሆዱ ለማስተኛት አራት፣ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ይይዛል፣ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይገለብጡታል። ያን ነርስ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል። በ10 ቀን አይሠራም።

በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ላይ የሆነውን ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል። የፖሊዮ ወረርሽኝ የሰውን መተንፈሻ ጡንቻ ሽባ ያደርግ ነበር። ብሌግዳም የሚባለው ሆስፒታል የነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መተንፈስ ካቃታቸው የመጀመሪያ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ከዚያ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ቱቦ አስገብቶ፣ አየሩን በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ከረጢት መስጠት ጀመረ። በእጅ! 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተቀመጡ። ሌሊትና ቀን፣ ጨምቅ ልቀቅ፣ ጨምቅ ልቀቅ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሰው በተማሪ እጅ ይተነፍስ ነበር። ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። መሣሪያ ባነሰበት ሰው ነው ያተረፋቸው።

ያን ሰው እኛ እናሳምመዋለን። በ2003 ሳርስ የሚባለው የኮሮና ዘመድ የሳንባ በሽታ ከያዛቸው 8,096 ሰዎች 1,706ቱ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ነርሷ ስትታመም አልጋዋ ይያዛል፤ ስታክማቸው የነበሩትም ያለ ነርስ ይቀራሉ።

ኦክስጅኑም እንዲሁ ነው። ትልቁ ሲሊንደር 7,000 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚፈልግ በሽተኛ 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለአንድ ሰው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2021 ብራዚል ማናውስ ላይ ኦክስጅን አለቀ። ልጆች ለወላጆቻቸው ሲሊንደር ተሸክመው ወረፋ ያዙ። ወረፋው ሳይደርሳቸው የቀሩም ነበሩ። «ገንዘብ አለኝ፣ የግል እታከማለሁ» የምትል ወንድሜ፣ ያኔ ገንዘብ የያዘም ወረፋው ላይ ነበር። የጣሊያኗ ሎምባርዲ ከአውሮፓ ሀብታም ክፍሎች አንዷ ናት፤ በማርች 2020 እዚያው ቤርጋሞ ከተማ ላይ ሬሳ ሳጥን የሚጭነው የጦር ካሚዮን ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ። በቀን ሥራ የሚያድረውን ሰው አልወቅስም፤ ካልወጣ አይበላም። እሱ መውጣት ካለበት፣ መቅረት የምንችለው መቅረት አለብን፤ መንገዱና አውቶቡሱ ለእሱ ይስፋለት። አሠሪ ሆይ፣ የታመመን ሠራተኛ ደመወዝ እቆርጣለሁ ብለህ አታስፈራራው። አስፈራርተህ ካመጣኸው በሳምንቱ ግማሹ ሠራተኛህ ይተኛል። ወጣቶች፣ እናንተን ላያጠናባችሁ ይችላል። ቤት ስትገቡ ግን በር የምትከፍትላችሁ አያታችሁ ናት። ወሬ የምታናፍሱ፣ «ክትባቱ ይህን ያደርጋል፣ ያን ያደርጋል» እያላችሁ በስልክ የምትልኩ፣ ያን መልእክት አንብቦ ሳይከተብ የቀረ ሰው አልጋ ሲፈልግ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም። ለመድኃኒት ቤቱ ማስክ ሳታስቀሩ ገዝታችሁ ያከማቻችሁ፣ ሐኪሟ ባዶ ፊቷን ስትገባ በማን ልትታከሙ ነው?

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ሲያማችሁ ቤት ቅሩ። መውጣት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ሰው ሲሰበሰብ መስኮት ክፈቱ፤ የታመቀ አየር ነው የሚያስይዘው። ክትባት ሲመጣ ተከተቡ። በሽተኛ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ደውሉ፤ ስንቅ በር ላይ አድርሱ። ሠርጉ ይዘግይ። ሙሽሮቹ ይቀየሙ ይሆናል፣ ይቀየሙ።

አባቴ አሁንም ለክትትል እዚያው ሆስፒታል ይሄዳል። ባለፈው አብሬው ሄጄ ኮሪደሩን አየሁት፤ ባዶ ነው። ያ ወንበር ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። አባቴ አላወቀውም። ከጎናችን ግን አንድ ጎልማሳ ያለ ማስክ እየሳለ፣ በእጁ የጥየቃ ፌስታል ይዞ ወደ ሕሙማን ክፍል ሊገባ ቆሟል። ተነስቼ አነጋገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ፌስታሉን ለነርሷ ሰጥቶ ከውጭ ስልክ ሊደውል ወጣ።