ግራው ወንበር ያጣበት ምክር ቤት

ማርሴይ ውስጥ ዡል ጌድ የሚባል አደባባይ አለ። ጌድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማርክስን ሐሳብ ለፈረንሳይ ሠራተኞች ካስተዋወቁት የሶሻሊስት መሪዎች አንዱ ነው። አደባባዩ ላይ የፕሮቫንስ-አልፕ-ኮት ዳዙር ክልል ምክር ቤት ሕንፃ ቆሟል። ምክር ቤቱ 123 ወንበሮች አሉት። በግራ ክንፍ የእጩዎች ዝርዝር ተመርጦ የገባ ስንት ሰው አለ? አንድም። ከ2015 ወዲህ አንድም የለም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ደጋፊ አጥተው እንዳይመስላችሁ። ማርሴይ የፈረንሳይ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት፤ በ2020 የከተማዋን ምርጫ ያሸነፈውም የግራ ጥምረት ነው። ከክልሉ ምክር ቤት ግን ግራዎቹ በገዛ እጃቸው ወጡ። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ለምን እንደወጡ ይገባኛል፤ አክራሪው ቀኝ እንዳያሸንፍ ነው። የማይገባኝ፣ ዋጋውን ሁለቴም የከፈሉት እነሱ ብቻ መሆናቸው ነው።

ክልሉን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ከጣሊያን ድንበር እስከ ሮን ወንዝ የተዘረጋ፣ ዲፓርትመንት የሚባሉ ስድስት የአስተዳደር ክፍሎች ያሉት፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት አካባቢ ነው። በሰሜን ባር ዴ ዜክራን የሚባለው ተራራ 4,102 ሜትር ላይ በረዶ ተሸክሞ ይታያል። በደቡብ ደግሞ ካማርግ አለ፤ ሩዝ የሚዘራበት፣ ፍላሚንጎ የሚውልበት ረግረግ።

ታሪኩም እንደ መልክዓ ምድሩ የተለያየ ነው። ማርሴይን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ የቆረቆሯት ግሪኮች ናቸው። ፕሮቫንስ ለፈረንሳይ ንጉሥ የደረሰችው በ1481 ነው። አቪኞ ለዘመናት የሮማው ጳጳስ ርስት ነበረች፤ ፈረንሳይ የጠቀለለቻት አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1791 ነው። ኒስ ከዚያም ዘገየች። ከ1388 ጀምሮ በአብዛኛው በሳቮይ መሳፍንት ሥር ቆይታ በ1860 በሕዝበ ውሳኔ ወደ ፈረንሳይ ዞረች። ለጣሊያን አንድነት የተዋጋው ጋሪባልዲ የኒስ ልጅ ነበርና ነገሩ ፈጽሞ አልተዋጠለትም። የሕዝበ ውሳኔው ውጤት ደግሞ ይገርማል። «አዎ» ያሉት ከ25 ሺህ በላይ፣ «አይ» ያሉት 160። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ፈገግ የማይል ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። በተራራው በኩል ያሉት የታንድ እና የላ ብሪግ መንደሮች እንኳ ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ የገቡት ገና በ1947 ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሰፋው የፓሪስ ቢሮክራሲ ነው። በ1950ዎቹ የልማት ካርታ ሲሣል አካባቢዎቹ ተጠቀለሉ። እስከ 1970 ድረስ ኮርሲካ ደሴት ራሷ አብራ ነበረች። ስሙም ሦስት ቦታዎችን በሰረዝ ገጣጥሞ የተሠራ ስም ነው። «ፓካ» የሚለውን ምህጻረ ቃል ብዙ ሰው አይወደውም። በ2017 መጨረሻ ላይ የክልሉ አመራር «የደቡብ ክልል» ብሎ ራሱን መጥራት ጀመረ፤ ሕጋዊው ስም ግን ያው ረጅሙ ነው።

እኛ ክልል ሲባል ሕግ የሚያወጣና የራሱ ፖሊስ ያለው መንግሥት ነው የሚመጣልን። የፈረንሳዩ እንዲያ አይደለም። ሕግ አያወጣም፤ ፖሊስ የለውም፤ ድንበር አይጠብቅም። ሥራው የአካባቢ ባቡሮችን ማስኬድ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መገንባትና ማደስ፣ የሙያ ሥልጠና መስጠት፣ ንግድና ኢንቨስትመንትን መደገፍ ነው። የምርጫ ዘመቻው ግን በአብዛኛው ስለ ስደተኛና ስለ ጸጥታ ነው።

ይህ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1962 አልጄሪያ ነጻ ስትወጣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ፈረንሳውያን ንብረታቸውን ጥለው በመርከብ ማርሴይ ላይ ወረዱ። ብዙዎቹ ቂማቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። በ1986 ሕዝቡ የክልል ምክር ቤቱን በቀጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ፣ የቀኙ መሪ ዣን-ክሎድ ጎዳን ወንበሩን የያዙት ከብሔራዊ ግንባር ጋር ተስማምተው ነው። ብሔራዊ ግንባር ማለት የለ ፔን ቤተሰብ ፓርቲ ነው፤ ዛሬ ናሽናል ራሊ ይባላል። በ1995 ይኸው ፓርቲ ቱሎን፣ ኦራንጅና ማሪኛን የሚባሉትን ከተሞች ያዘ። አክራሪው ቀኝ እዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ 2015 እንምጣ። የፓሪሱ የኅዳር ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ወር እንኳ አልሞላም። በመጀመሪያው ዙር የፓርቲው መሥራች የዣን-ማሪ ለ ፔን የልጅ ልጅ ማሪዮን ማሬሻል-ለ ፔን ከ40 በመቶ በላይ አገኘች። የቀኙ ክሪስቲያን ኤስትሮዚ 26 በመቶ፣ የሶሻሊስቱ ክሪስቶፍ ካስታኔር ደግሞ ወደ 17 በመቶ ገደማ።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ከ10 በመቶ በላይ ያገኘ ዝርዝር ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋል። አንደኛ የወጣው የወንበሮቹን ሩብ በጉርሻ ይወስዳል፤ የቀረው በድምፅ ልክ ይከፋፈላል። ሁለተኛው ዙር ላይ ያልቀረበ ዝርዝር ምንም አያገኝም። ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሦስቱም ቢወዳደሩ ማሬሻል-ለ ፔን ልታሸንፍ እንደምትችል ማንም አያጣውም ነበር። ፓሪስ ያለው የሶሻሊስት ፓርቲ አመራር ከውድድሩ ውጡ አለ፤ ካስታኔር ወጣ። ኤስትሮዚ 55 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። ወንበሮቹ 81 ለቀኙ፣ 42 ለአክራሪው ቀኝ ሆኑ። ከስድስት መራጮች አንዱ የመረጠው ፓርቲ ለአምስት ዓመት ተኩል ከአዳራሹ ውጭ ቀረ።

ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበር። ሕጉ በሁለቱ ዙሮች መሀል ሁለት ዝርዝሮች እንዲዋሃዱ ይፈቅዳል። የቀኙ ፓርቲ መሪ የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ ግን «መዋሃድም የለም፣ መውጣትም የለም» የሚል መመሪያ አስተላለፉ። በሌላ አነጋገር፣ ግራው ድምፁን ይስጠን፣ ወንበር ግን አንሰጠውም ማለት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደምንለው ታውቁታላችሁ።

በ2021 ፊልሙ ተደገመ። በዚህኛው ዙር አክራሪውን ቀኝ ወክሎ የቀረበው ቲዬሪ ማሪያኒ ነበር። ሰውዬው ሳርኮዚ ፕሬዚዳንት ሳሉ የትራንስፖርት ሚኒስትራቸው የነበረ፣ ቤት ቀይሮ የመጣ ነው። 36 በመቶ አገኘ። ኤስትሮዚን የተካው የቀኙ ሰው፣ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሬኖ ሙዝሊዬ 32፣ የአረንጓዴዎቹና የግራው እጩ ዣን-ሎራ ፌሊዚያ 17 በመቶ ገደማ። ፌሊዚያ በዚያው ምሽት አልወጣም አለ። አንድ ሌሊት እንኳ ሳይሞላው የራሱ ፓርቲ ሰዎች ወጥረው ያዙት፤ በማግስቱ መውጣቱን ተናገረ። ሙዝሊዬ 57 በመቶ አገኘ፤ 84 ወንበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከሦስት መራጮች ሁለቱ ቤታቸው ነበሩ። ስሌቱን ስትሠሩት በመጀመሪያው ዙር ሙዝሊዬን የመረጠው ከተመዘገበው መራጭ ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ይህ ሰው አሁን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወንበር ይዟል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ብቸኛ ተቃዋሚ ደግሞ ናሽናል ራሊ ነው። ተቃዋሚ መሆን የሚያስገኘው ጥቅም፣ ማይክሮፎኑ፣ ጋዜጠኛው፣ «አማራጩ እኛ ነን» የማለት መብቱ ሁሉ ለማን እንደተሰጠ አስቡት። አክራሪውን ቀኝ ለማገድ የተሠራ አጥር ብቸኛ ተቃዋሚ አድርጎ አስቀመጠው።

ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም። በ2021 የማርሴይ-ቱሎን-ኒስ የባቡር መስመር ከመንግሥት ድርጅቱ ተወስዶ ትራንስዴቭ ለሚባል ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያው በሰኔ 2025 ሥራ ጀመረ፤ በቀን 7 የነበረው የደርሶ መልስ ጉዞ 14 ሆነ። ለተሳፋሪው ደግ ነገር ነው፤ አልክድም። ሆኖም የሕዝብ ባቡርን ለኩባንያ መስጠት ግራና ቀኝ በፈረንሳይ ለአሥርት ዓመታት የተጨቃጨቁበት ጉዳይ ነው። ውሳኔው ሲያልፍ ከተጨቃጫቂዎቹ አንዱ ወገን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የ2030 የክረምት ኦሊምፒክም እንዲሁ። ኒስና የተራራው ዲፓርትመንቶች ያስተናግዳሉ፤ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ያሉ ነበሩ፤ አልተደረገም። በተራራ ላይ በረዶው እየሳሳ ባለበት ዘመን ይህን የሚጠይቅ አንድ የአረንጓዴዎች ተወካይ እንኳ እዚያ ምክር ቤት ውስጥ የለም።

የእኛን ሰው የሚመለከት ነገርም አለ። ከጣሊያኗ ቬንቲሚሊያ ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግረው ድንበር እዚህ ክልል ውስጥ ነው። ፈረንሳይ ቁጥጥሩን በ2015 ከመለሰች ወዲህ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያን፣ የእኛም ልጆች ከባቡር እየወረዱ ወደ ጣሊያን ተመልሰዋል። አንዳንዶች በሮያ ሸለቆ በእግር ለመሻገር ሞክረዋል። በዚያ ሸለቆ ሴድሪክ ኤሩ የሚባል የወይራ ገበሬ ስደተኞችን አሳድረሃል፣ አሳፍረሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በሐምሌ 2018 ወንድማማችነት ሕገ መንግሥታዊ መርህ ነው፣ ሰውን ለሰብአዊነት መርዳትም ነጻነት ነው ሲል ወሰነ። የክልሉ ምክር ቤት በድንበሩ ላይ ሥልጣን የለውም። ግን ስለ ድንበሩ ያወራል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ያን ገበሬና እሱን የመሰሉትን ደግፎ የሚናገር ፓርቲ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የለውም።

«ታዲያ ናሽናል ራሊ ቢይዘው ይሻል ነበር?» የሚል አይጠፋም። አይሻልም። መውጣታቸው ስህተት ነው እያልኩም አይደለም። በ2015 ድምፅ የለመነው ቀኙ ነው። ያን ድምፅ ሲቀበል ቢያንስ አሥር አሥራ አምስት ወንበር ሊያካፍል ይችል ነበር። ሕጉ አልከለከለውም። በ2021ም ግራዎቹ አስቀድመው ተደራድረው መዋሃድን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ነበረባቸው። በአንድ ሌሊት ግርግር የሚወሰን ነገር አልነበረም። የቀኙን ፍርሃት አውቃለሁ፤ ከግራ ጋር አንድ ዝርዝር ላይ ከታየ መራጩ ወደ ማሪያኒ ይሸሻል ብሎ ይሰጋል። ግን በግራው ድምፅ መመረጡን አገር ሁሉ ያውቃል። የሚደበቀው ከማን ነው?

ቀጣዩ የክልል ምርጫ መጋቢት 2028 ላይ ነው። ግራዎቹ እንደገና ሦስተኛ ቢወጡ ምን እንደሚያደርጉ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለደጋፊያቸው በግልጽ ይንገሩ። የቀኙ እጩ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያንኑ ጥያቄ ይመልስ፤ ድምፃችሁን ስጡኝ ካለ ስንት ወንበር ይዞ እንደሚመጣ በቁጥር ይናገር።