ቆሎ በመታወቂያ

ባለፈው ሳምንት ከታክሲ ወርጄ ቆሎ ገዛሁ። ሱፍ የገባበት፣ ሽምብራ ጣል ጣል ያለበት፣ ገና ትኩስ። ቆርጥሜ ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል አንዲት ሴት ታየኛለች። የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ነው። ስሟ እስከ አያቷ፣ የተወለደችበት ቀን፣ የቤት ቁጥሯ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራው ሰው ከነስልኩ፣ ምን ቀረ? ከሥሩ የአንድ ድርጅት ክብ ማህተም አለ፦ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል»። እውነት ነው፤ ጨው ብቻ ነው የተጨመረበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ግን ኮራሁ። የሰው አገር ድርጅት የደንበኛውን መረጃ ቆልፎ ይሰስታል። የኛ ደግ ነው፤ ካንተ የተቀበለውን ለመንገደኛ ያካፍላል።

ደግሞ ደግነቱ በወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባንክ ሂዱ። ገንዘብ ከፋይዋ ከመስታወቱ ጀርባ «200 ሺውን በሙሉ ነው የሚያወጡት?» ብላ ስትጠይቅ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል፣ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ የቆመው ልጅ ሳይቀር። ክሊኒክ ሂዱ። «የአባላዘር ውጤት የማን ነበር?» ይባላል፤ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ብቸኝነት የለም እኮ!

ፎቶኮፒ ቤቶችንማ በምን ቃል ላመስግን? ፓስፖርታችሁን በቴሌግራም ልካችሁ ታሳትማላችሁ፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፤ ከሰፈሩ ሰው ዲግሪ፣ ከጋብቻ ሰርተፊኬቱና ከቤት ካርታው ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። አንድ ቀን ልጁ የኔን ፋይል ሲፈልግ የአንድ የማውቀውን ሰው የፍቺ ውሳኔ ከፈተና «ይሄ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። አንብቤ ስጨርስ።

ስልኩም አለላችሁ። አንዱ ሱቅ «ለእጣ ነው፣ ስምና ስልክዎን ይጻፉ» ይላል። እጣው አይወጣም፤ ስልካችሁ ግን ይወጣል። በሳምንቱ አይታችኋት የማታውቁ የቤት ሻጭ በስማችሁ ጠርታ «እንዴት ሰነበቱልን» ትላለች፤ የገዛ እህቴ እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ሌላው ደግሞ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አሁን የገባልዎትን ኮድ ይንገሩን» ይላል፤ የአባታችሁንም የአያታችሁንም ስም ያውቃል። ከየት አወቀ? ቆሎ በልቶ ነዋ!

መንግሥት ግን ይህን ቸርነት የወደደው አይመስልም። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። መረጃውን ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ ተጠቀም፣ ከሚያስፈልግህ በላይ አትሰብስብ፣ ካመለጠህ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አሳውቅ ይላል። 72 ሰዓት! ቆሎው እኮ በግማሽ ቀን ነው የሚያልቀው። ፋይዳም መጣ፤ ስልክ ላይ የሚታይ፣ በኪውአር ኮድ የሚረጋገጥ ዲጂታል መታወቂያ። በቃ ወረቀት ሊቀር ነው ብለን ስንሰጋ ቢሮዎቻችን አላሳፈሩንም፦ «የፋይዳህን ኮፒ አምጣ፣ ከፊትና ከኋላ።»

የሴትየዋን ወረቀት ግን ልጥለው አልሆነልኝም። ማህተሙ ላይ ያለውን ስም አይቼ ልመልስ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ያዘና ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ። ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ፤ ከኔ በፊት የገቡትንም ሰዎች ስም ከነስልካቸው አነበብኩ፣ ለምን ጉዳይ እንደመጡ ጭምር። ውስጥ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ጨው አለበት» አለች።

«ቆሎ ነበረበት» አልኳት።

ጥቂት አሰበች። «ገቢ እንዲሆን ማመልከቻ ይጻፉ፣ ጋሼ። የመታወቂያዎን ኮፒ ያያይዙበት። በሁለት።»