ቀላል ዕቃ ናት

ባለፈው ቅዳሜ ዘጌ ልሄድ ነበር። ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት፣ «መንገደኛ ነኝ» ብሎ ማውራት የሚያሳፍርበት ቦታ። ስለዚህ ለማንም አላወራሁም። ለባለቤቴ ብቻ ማታ በሹክሹክታ ነገርኳት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢውን በር ስከፍት እታለም ቆማለች። ስሟን አልጽፍም፤ ልጆቿ ከስልካቸው እያነበቡ ይነግሯታል። ሰፈሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። በእጇ ጥቁር ፌስታል ይዛለች፤ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በሁለተኛው ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ ነገር።

«ወንድምዓለም፣ ዘጌ ነህ አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«አሉኝ። ይቺን ለአክስቴ ልጅ። ቀላል ዕቃ ናት።»

ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ? ቋጠሮው ክንዴን ወደ መሬት ጎተተው። ጀልባው ላይ ስወጣ ነጂው እኔን ሳይሆን ፌስታሉን አየና «አንተ መሐል ላይ ተቀመጥ» አለኝ።

ይቺ «ቀላል ዕቃ ናት» የምትባል ነገር በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ቀላል ሆና አላገኘኋትም። ቀላል ነገር ምስክር አያስፈልገውም። ብር የሚልክ ሰው «ቀላል ብር ናት» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀላል የሚባለው ከባዱ ብቻ ነው።

ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወዳት «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምትለዋን ነው። ሰዎች የሚተርቷት አንድ ቦታ አልረጋ ላለ ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግንዱ ነው። ግንዱ የማን ነው? ለማን ነው የተላከው? እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። እኔ ጠርጥሬያለሁ። ሰከላ ላይ፣ ገና ከምንጩ ሲነሳ፣ አንዲት የዚያን ዘመን እታለም ዳር ቆማ ጠብቃዋለች። «ካርቱም ያለ የእህቴ ልጅ አለ፣ መቼም መንገድህ ነው» ብላ ጭናበታለች። ይኸው እስካሁን ይዞ ይዞራል።

ደግሞ ማደሪያ የለውም የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ግልገል ዓባይ በደቡብ በኩል ጣና ይገባል፣ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን ከሐይቁ ውሃ ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላሉ። እንግዲህ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መኝታ ተነጥፎለት፣ 37 ደሴት ትራስ ቀርቦለት፣ «አይ፣ ልሂድ» ብሎ የወጣ እንግዳ ማደሪያ የለውም ይባላል? የሰው ዕቃ ይዞ ቢቸኩል ነው እንጂ! እኔም እንደዚያው ነኝ። በሰው አገር አንድ ሌሊት ተዝናንቼ ያደርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መጀመሪያ ዕቃው መድረስ አለበት።

አዲስ አበባ በአውቶቡስ በሚኬድበት ዘመን ነገሩ የሚቻል ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መነኸሪያ ትደርሳለህ፣ ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ይጭነዋል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ የዓባይ በረሃን ቁልቁል ወርደህ ሽቅብ ስትወጣ ዕቃው ከላይ ነው፣ አንተ ከታች። አሁን መንገዱ እንደ ልብ አልሆን ካለ ወዲህ አቅሙ ያለው በአውሮፕላን ሆነ፤ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ የሰፈሩ ፖስታ ቤት ሆነ። የሰው ኪሎ በሰው ዘንድ እንደ መሬት ይከፋፈላል። «ያንተ ሻንጣ ስንት ኪሎ ይቀረዋል?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ፣ ያውም ለቅሶ ቤት፣ ንፍሮ እየዘገንኩ።

ዋናው ቂሜ ግን የካምፓላው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ተላክሁ። ርዕሱ እምቦጭ ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ቪክቶሪያ ሐይቅን ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ወርሮት ስለነበር፣ ቀድሞ የታመመ ይምከራችሁ ተብሎ ነው። (እዚያ ከተማርኩት ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው፤ እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ አረም ነው። ዓለምን የዞረው በሰው እጅ ነው፣ አበባው ያምራል ተብሎ። አንዱን መንገደኛ የሆነች እታለም «አበባ ናት፣ ቀላል ዕቃ ናት» ብላ አስይዛዋለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሐይቆቹ የደረሰባቸውን ደረሰባቸው።)

የተፈቀደልኝ 23 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ የኔ ልብስ አራት ኪሎ ያዘ። ሌላው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለት ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ የተሞላ የተነጠረ ቅቤ፣ ካምፓላ ለሚኖር ለእታለም የእህት ልጅ። ክዳኑን በፕላስተር ጠፍንጋዋለች። «ብትገለብጠው አይፈስም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ ቤት በረጋበት ሰዓት ቢገለብጡትም አይፈስም ነበር።

ፈሰሰ። የፈሰሰው ሌላ ነገር ላይ ቢሆን ባልከፋኝ። አንድ ሱፍ ኮት ነበረኝ፣ ለመክፈቻው ቀን ብዬ በጥንቃቄ ያጠፍኩት፣ እሱ ላይ ነው። ሳሙና ገዝቼ ሌሊቱን አጠብኩት። ቅቤው ለቀቀ፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሽ ግን ቀሩ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ አረም ስንማር ከአጠገቤ የሚቀመጠው ጋናዊ አፍንጫውን እያነሳ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔም ራሴን እያሸተትኩ ይርበኝ ጀመር።

የእህቷ ልጅ ደግሞ መጥቶ አይወስድም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ካባላጋላ ሰፈር ድረስ ብታመጣልኝ» አለኝ። ሄድኩ፤ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ሽሮና በርበሬ በጭኔ መሐል፣ በማላውቀው ከተማ፣ በራሴ ገንዘብ። ፌስታሉን ከፈተ፣ ሽሮውን በጣቱ ቀመሰ፣ «ዘንድሮ በርበሬ አብዝታበታለች» አለ። ስለ ቅቤው ጉድለት ግን ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፣ ከዚያ እኔን ተመለከተኝ። አመሰግናለሁ አላለም። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመውና፣ ሰው ምን ነክቶታል? ላኪዋ አምስት ሳንቲም አላወጣች፣ ተቀባዩ ከወንበሩ አልተነሳ፣ መሐል ላይ ያለሁት እኔ ሌባ ተባልኩ።

እሑድ ዕለት አዘጋጆቹ ጂንጃ ወሰዱን። ከካምፓላ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚፈስበት ቦታ ጀልባ ላይ አወጡን፣ አንድ ለጋ አስጎብኚ ተነሳና «እነሆ የናይል መነሻ! ይህ ውሃ ሜዲትራኒያን ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጅበታል» አለ። ነጮቹ ፎቶ አነሱ። እኔ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

«ወንድሜ፣ የኔ ቤት ከዓባይ ድልድይ በእግር ሩብ ሰዓት ነው» አልኩት።

ከዚያ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። ግብጽ ከሚደርሰው ውሃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከእኛ ደጋ እንደሚሄድ። እሱ የሚያመልከው እንግሊዛዊ አሳሽ ስፒክ እዚያ የደረሰው በ1862 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስኮትላንዳዊው ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 እንደሆነ፣ ስፔናዊው ቄስ ፓኤዝ ደግሞ ከብሩስም ቀድሞ በ1618። ይህን ስናገር ለራሴም አልገባኝም ነበር፤ ከፈረንጅ ታሪክ ጋር ልከራከር ፈረንጅ ምስክር እቆጥራለሁ! ሰከላ ላይ ጸበሉን ሲጠጡ ለኖሩት ሰዎች ምንጩ መቼ ጠፍቷቸው ያውቃል?

ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ። «ልክ ነህ» አለ። «የእናንተ ግን ክረምት ላይ ነው የሚጮኸው። የእኛ ዓመቱን ሙሉ ሳይጎድል ይሄዳል።»

መልስ ፈለግሁ። ትዝ ያለኝ ግን ሚያዝያ ላይ እንግዳ ይዤ ጢስ ዓባይ የሄድኩበት ቀን ነው። 30 ኪሎ ሜትር አቧራ ጠጥተን ስንደርስ ፏፏቴው አንድ ነጠላ ክር ሆኖ ተንጠልጥሏል። እንግዳዬ በትሕትና «ጢሱ የት ነው?» አለኝ። ውሃው ወደ ማመንጫው ተጠልፎ ነበር። ከጂንጃው ልጅ ጋር በዚህ ተገናኘን። የእነሱም ሪፖን ፏፏቴ በ1954 እ.ኤ.አ. ግድቡ ሲያልቅ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። ሁለታችንም ፏፏቴያችንን ለመብራት ሰጥተናል። «ታዲያ እናንተ ጋ መብራት አይጠፋም?» አለኝ። ርዕስ ቀየርኩ።

ባሕር ዳር ስመለስ ይህን ሁሉ የማወራው ሰው ፈለግሁ። ጂንጃን፣ ልጁን፣ ከጣና ሃያ ጊዜ የሚሰፋውን ሐይቅ። እታለም ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ደስ አለኝ። ስኒውን ሳላነሳ «ሰጠኸው?» አለች። ሰጠሁት። «ሙሉውን?»

የተጓዥ ነገር እንዲህ ነው በእኛ ዘንድ። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ፣ በከባድ መኪና ተጭና ስትመጣ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ በእልልታ ሲቀበላት እኔም ወጥቻለሁ። ሌላው ሰው ግዝፈቷን አየ። እኔ ያየሁት ሹፌሩን ነው። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት መርከብ ተሸክሞ! አሥመጪው ሲያስረክበው ምን እንዳለው አውቃለሁ። እታለም አልሰማች ሆኖ ነው እንጂ ጅቡቲ ላይ አንድ ፌስታል ታስጭንበት ነበር።

ወደ ዘጌው ልመለስ። የአክስቷ ልጅ ወደቡ ላይ የለችም። አርባ ደቂቃ ጠበቅኋት። በመጨረሻ ከቡናው ጥላ ሥር ብቅ አለችና ቋጠሮውን ፈታችው። መጅ ነው። የወፍጮ መጅ! እኔ ድንጋይ ነው ጣናን ያሻገርኩት። ሴትዮዋም ደነገጠች። «ኧረ እኔ ላኪልኝ አላልኳትም፤ ያኔ ስትሄድ ረስታው ነው ብዬ የመለስኩላት እኮ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባ ብላ በማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ኪሎ የሚሆን ቡናና አንድ እስር ጌሾ ይዛ ወጣች። ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፣ ኑሮዋ ቡናና ጌሾ ነው፤ ሰጪም ሲሰጥ ከዚያው ነው። የምትለውን ከአፏ ቀድሜ አልኩላት።

ጌሾውን በዚያው ዕለት አደረስኩ። ቡናው እኛ ቤት ነው። እሑድ ድንገት እንግዳ መጣ፣ ቤት ያለው ቡና አልቆ ነበር፣ ባለቤቴ «አንድ እፍኝ ብቻ» አለች። ማክሰኞ ደግሞ ራሴ ነኝ ያልኩት። የዘጌ ቡና ሽታው ብቻ ሰው ያሳስታል። አሁን ከረጢቱ ወገቡ ላይ ታጥፏል።

ትናንት እታለም በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ከጌሾው ሌላ ምንም አልሰጠችህም?»

«ሰላም በልልኝ ብላለች።»

ነገ ቅዳሜ ነው። ገበያ ሄጄ ቡና ልገዛ አስቤያለሁ። ለማንም አላወራሁም።