አንተ ብቻ ሲቪህን ላክልኝ

ደስታ መግለጽ ላይ የሚደርስብን የለም። ተመራቂው ገዋኑን ሳያወልቅ በሩ ላይ ፎቶው ያለበት ባነር ይሰቀላል። በጉ ይታረዳል። ኬኩ በመጽሐፍ ቅርጽ ይመጣል። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ያነበበው ከስልክ ስልክ የሚዞር ፒዲኤፍ መሆኑን ኬክ ቤቱ በምን ይወቅ?

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቃቸው ሲቪ ሰብሳቢውን ጋሼ ነው። በየድግሱ አንድ አይጠፉም። ትልቅ ቦታ ይሠራሉ። ወይም ትልቅ ቦታ የሚሠራ ሰው ያውቃሉ። ወይም መኪና አላቸው። ቀይ ወጡ ሁለተኛ ዙር እስኪመጣ ተመራቂውን ትከሻውን ይዘው ጥግ ያስይዙታል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እናቱ እንድትሰማ ያህል።

«ስማ፣ አንተ ብቻ ሲቪህን ላክልኝ።»

እልልታው ይቀልጣል። ለጋሼ አጥንት ያለው ሥጋ ተመርጦ ይወጣላቸዋል። ይገባቸዋል! ሌላው ዘመድ ፖስታ ውስጥ ብር ከትቶ ይሰጣል። ብር ያልቃል። የጋሼ ስጦታ ግን ቴሌግራም ላይ ለዘላለም ይኖራል። ልጁ በማግስቱ ይልካል። አንድ ራይት። ማታ ሁለት ራይት። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣት ትመጣለች። ያቺ አንዲት አውራ ጣት አንድን ቤተሰብ ስድስት ወር ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። «አይተውለታል እኮ!» ትላለች እናት ቡና ላይ።

የክብር እንግዳውንም ሳላመሰግን አላልፍም። «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ይላሉ፣ ደመወዝ ሳይዘገይባቸው ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። በደርግ ጊዜ ተመራቂ በመንግሥት ይመደብ ነበር። የወደደውም ያልወደደውም ቦታ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ምክር ሳይሰማ ሥራ መግባት! እንዴት ያለ ደረቅ ዘመን ነበር።

የዛሬው ልጅ ደግሞ በዋዛ አልመጣም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም። ሲያመጣም የሚሰጠው ቴምፖ፣ ጊዜያዊው ዲግሪ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳው እስኪከፈል እዚያው ይቆያል። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ቀጣሪው ደግሞ «ኦሪጅናሉን ይዘህ ና» ይላል። ኮምፓስ የማያስፈልገው ክብ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሦስት ወር ሲሞላው ልጁን አራት ኪሎ ታገኙታላችሁ። ጋዜጣ ተከራይቶ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የኪራይ ጋዜጣ አይሰመርበትም። ስለዚህ ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ አከራዩ ቀና ሲል ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ። ለምርቃት የተገዛችው ጫማ ከፊቷ መላላጥ ጀምራለች። አብዛኛው ማስታወቂያ የሁለት ዓመት ልምድ ይላል። አንድ ቀን ግን «0 ዓመት» የሚል ያገኛል። ወደ ታች ይወርዳል። «የማይመለስ ፎቶ ኮፒ።» እሱ አለው። «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል።»

ዋስ? ጋሼ አሉ አይደል እንዴ!

ይደውላል። ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ መስክ ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ዝግ ነው። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። ሲቪ ላክ አሉ እንጂ እፈርማለሁ አሉ? የሰው ቃል እየለጠጡ ማስጨነቅ ነውር ነው። በዚያ ላይ የሌላ ልጅ ምርቃት ደርሷል፣ እዚያም እናት አለች፣ እዚያም በግ ታርዷል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ሴት ልጃቸውን አስመርቀው ተጠራሁ። እኔ እንኳን ትልቅ ቦታ አልሠራም። ትልቅ ቦታ የሚሠራ ሰውም አላውቅም። ግን ወጡ ጣፍጦኛል፣ እናትየው አጠገቤ ቆመዋል፣ ልጅቷም ገዋኗን እንደለበሰች ልትስመኝ ጎንበስ አለች። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አንቺ ብቻ ሲቪሽን ላኪልኝ።»

ሳቅ አለች። «እሺ ጋሼ። ወንድሜ አምና በላከበት ቁጥር ነው ወይስ ቀየሩት?»